ኬቪኤ ብቻውን አይበቃም

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ መሃል ከተማ ለሚገነቡ ሕንፃዎች ትራንስፎርመር ለምትመርጡ አማካሪ መሐንዲሶች፣ ዲዛይን መርምራችሁ ለምታጸድቁ መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ሒሳቡን ለምትከፍሉ ባለሕንፃዎች

ጉዳዩ፦ የትራንስፎርመር ስፔስፊኬሽን የሃርሞኒክ ጭነትን እንዲያካትት ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ?

ለጨረታ የምታወጡትን የኤሌክትሪክ ሰነድ እባካችሁ አንዴ ግለጡት። ስለ ትራንስፎርመር የሚናገረው ገጽ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ ይላሉ፦ 630 ኬቪኤ፣ 15/0.4 ኪሎ ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ባለ ዘይት፣ ዴልታ-ስታር፣ ኢምፒዳንስ 4 ከመቶ። ቀጥሎ ስለ ቀለሙና ስለ ዘይት መጠን ማሳያው ትንሽ ይጨመራል። በቃ። ትራንስፎርመሩ ምን ዓይነት ጭነት እንደሚሸከም የምትናገር አንዲት መስመር የለችም።

ይህ ገጽ ለዱቄት ወፍጮ ቢሆን ያስኬድ ነበር። ግን ለባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም፣ ለሆቴልም፣ ምድር ቤቱ በሰርቨር ለተሞላ ቢሮም የሚወጣው ይኸው ገጽ ነው። ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ መሆኑ ያስታውቃል። አንዳንዴ የቀድሞው ፕሮጀክት ስም እንኳ ሳይጠፋ ይገኝበታል።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ከኬቪኤው፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ የአቅም ቁጥር ጎን፣ ጭነቱ ምን ያህል ሃርሞኒክ (የከረንት ሞገድ መዛባት) እንዳለው ይጻፍ። ሻጩም ትራንስፎርመሩ ያንን እንዴት እንደሚችል በሰነድ ያሳይ። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከለገሀር ተነስታችሁ በብሔራዊ ትያትር በኩል ወደ ሰንጋ ተራ ውጡ። ቀና ብላችሁ ሕንፃዎቹን እዩ። የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። ዙሪያውንም የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ከበውታል። እዚያ ውስጥ ቀጥታ ከመስመሩ ላይ የሚሠራ ሞተር ወይም የድሮው አምፖል ማግኘት እየከበደ ነው። መብራቱ ኤልኢዲ ነው። በየጠረጴዛው ኮምፒውተር አለ። በየፎቁ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አለ። ሊፍቱን የሚያሽከረክረው ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነው። አየር ማቀዝቀዣው ኢንቨርተር ነው። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ የመኪና ቻርጀር እየተተከለ ነው። በሜክሲኮና በስታዲየም የሚያልፈው ቀላል ባቡር እንኳ የሚሄደው በ750 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ከረንት) ነው። እሱን የሚመግቡት ጣቢያዎች ኤሲውን (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመጣውን የመስመር ከረንት) ሬክቲፋየር በሚባል መሣሪያ ወደ ዲሲ ቀይረው ነው። ከተማው በሙሉ ኤሲ እየተቀበለ ውስጥ ለውስጥ ወደ ዲሲ ይቀይራል ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ችግሩ የአቀያየሩ ጠባይ ላይ ነው። የድሮው አምፖል ቮልቴጁ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ ከረንቱን በእኩል ይወስድ ነበር። ርካሽ ሬክቲፋየር እንዲህ አይደለም። የቮልቴጅ ሞገዱ ጫፍ እስኪደርስ ዝም ይላል። ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ታክሲ በሩን ሲከፍት ሕዝቡ እንደሚጋፋው፣ የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎትታል። ከዚያ መልሶ ዝም። እንዲህ የተቆራረጠ ሞገድ ሲተነተን 50 ኸርዝ ብቻ አይሆንም። 150፣ 250፣ 350 ኸርዝ እያለ የሚሄድ የብዙ ሞገድ ድምር ነው። 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ ሃርሞኒክ የምንላቸው እነዚህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዕቃው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑ ብቻውን አያድንም። አይኢሲ 61000-3-2 የሚባለው ደረጃ ከ25 ዋት ለማይበልጡ ትንንሽ መብራቶች ከሚፈቅዳቸው አማራጮች በአንዱ 3ኛው ሃርሞኒክ የመሠረታዊውን 86 ከመቶ፣ 5ኛው ደግሞ 61 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። አንዲት አምፖል ምንም አታመጣም በሚል ሐሳብ ነው። ሕንፃው ውስጥ ግን ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሁሉም ሞገዱ ጫፍ ላይ ነው የሚጋፉት።

አሁን ወደ ትራንስፎርመሩ እንግባ። ጭነት ሲሸከም የሚያሞቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የጥቅሉ ተራ ሬዚስታንስ ነው። ሁለተኛው ኤዲ ከረንት ነው፤ ማግኔታዊው መስክ የጥቅሉን መዳብ ሲያቋርጥ በራሱ በመዳቡ ውስጥ የሚዞር ከረንት ማለት ነው። ሦስተኛው ከጥቅሉ አምልጦ የወጣው መስክ ታንኩን፣ የኮር (ጥቅሉ የተጠመጠመበት ብረት) ማሰሪያውንና ብሎኑን የሚያሞቀው ነው። በ50 ኸርዝ ንጹሕ ሞገድ ሲሠራ ሁለተኛውና ሦስተኛው ትንሽ ናቸው። ሃርሞኒክ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የጥቅሉ የኤዲ ብክነት የሚያድገው በሃርሞኒኩ ቁጥር ካሬ ነው። መጠኑ እኩል የሆነ ከረንት በ5ኛው ሃርሞኒክ ቢመጣ ኤዲው 25 እጥፍ ይሆናል። በ7ኛው 49 እጥፍ።

አንድ ምሳሌ ልሥራ። የቢሮ ጭነት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። መሠረታዊው 1 ይሁን፣ 3ኛው 0.6፣ 5ኛው 0.4፣ 7ኛው 0.2፣ 9ኛው 0.1። እያንዳንዱን ከረንት ካሬ አድርጉና በሃርሞኒኩ ቁጥር ካሬ አባዙት። 1፣ 3.24፣ 4፣ 1.96፣ 0.81 ይወጣል። 5ኛው በመጠን ከ3ኛው ያንሳል፤ በማሞቅ ግን በልጦት ተገኘ። ድምሩ 11 ገደማ ነው። በከረንቶቹ ካሬ ድምር፣ ማለትም በ1.57፣ ስናካፍለው 7 ይመጣል። ኬ-ፋክተር የሚባለው ቁጥር የሚገኘው እንዲህ ነው። ትርጉሙ፣ በክላምፕ ሜትር የሚነበበው አምፔር ያው ሆኖ ሳለ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ኤዲ 7 እጥፍ ሆኗል ነው።

ተራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን ኤዲው የሬዚስታንሱን ብክነት 10 ከመቶ ያህል ነው ብለን እንነሳ። አይትሪፕልኢ ሲ57.110 የሚባለው ደረጃ የሚሰጠውን ቀመር ብንጠቀም፣ ይህን የቢሮ ጭነት የሚሸከም ትራንስፎርመር ሳይቃጠል ሊሰጥ የሚችለው የተጻፈበትን 80 ከመቶ ነው። 630 ኬቪኤ ብላችሁ የገዛችሁት ወደ 507 ወረደ ማለት ነው። 123 ኬቪኤ ተከፍሎበት አገልግሎት ላይ አልዋለም። ይባስ ብሎ፣ ማንም ስላልነገረው የሕንፃው ኤሌክትሪሻን 630 አለኝ ብሎ ጭነት ይጨምራል።

ቀመሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ያ ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በእኛ 1978 ገደማ መሆኑ ነው። ዛሬ በየቢሮው ያለው የዕቃ ብዛት ያን ጊዜ በሕልምም አልነበረም።

«የእኛ ትራንስፎርመር ፋብሪካ ተፈትኖ፣ ሰርተፊኬት ይዞ ነው የመጣው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ሰርተፊኬቱም አልዋሸም። ፈተናው ግን የተደረገው በንጹሕ የ50 ኸርዝ ሞገድ ነው። የአይኢሲ 60076 የመጀመሪያው ክፍል «መደበኛ የአገልግሎት ሁኔታ» የሚለውን በግልጽ አስቀምጦታል። የጭነቱ ከረንት ጠቅላላ ሃርሞኒክ ትራንስፎርመሩ ላይ ከተጻፈው ሙሉ ከረንት 5 ከመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የሚተከልበት ቦታም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ከዚህ ውጭ ከሆነ ገዢው በመጠየቂያው ላይ ማሳወቅ አለበት።

በምሳሌዬ ያለው ጭነት መዛባቱ ከመሠረታዊው 75 ከመቶ ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ሁለቱንም ገደብ ጥሰናል! ገዢው ካልጻፈ ሻጩ በመደበኛው ሁኔታ ሠርቶ ይልካል። ሲቃጠልም «ከተባለው ሁኔታ ውጭ ነው የተጠቀማችሁበት» ብሎ ይገላገላል። ደረጃውም ከእሱ ጋር ነው።

ከፍታውን ካነሳሁ አይቀር፣ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። በተፈጥሮ አየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ዘይት ትራንስፎርመር ከ1000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 400 ሜትር የሙቀት ጭማሪው ገደብ በ1 ዲግሪ ይቀነሳል። ለእኛ ከተማ 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ያካክሰዋል» የሚሉ አሉ። ውጭ ምሰሶ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ለተተከለ አልከራከርም፤ የከተማችን አየር በእርግጥ ያግዘዋል። ቦታ ስለጠፋ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ሁለተኛው ምድር ቤት፣ አንዲት ፍርግርግ በር ብቻ ያላት ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ግን የሚተነፍሰው የአዲስ አበባን አየር አይደለም። የራሱን ነው።

ጥቂት ዲግሪ ምን ያመጣል እንዳትሉ። በተራ ወረቀት ለተሸፈነ ጥቅል አይኢሲ 60076-7 መነሻ የሚያደርገው በጣም በሚሞቀው ነጥብ 98 ዲግሪን ነው። ከዚያ በላይ በየ6 ዲግሪው ወረቀቱ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። 12 ዲግሪ ከበለጠ አራት እጥፍ። ትራንስፎርመሩ በአንድ ቀን አይፈነዳም። ወረቀቱ ቀስ እያለ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር ጥቅሉ ይናወጥና ያ የደረቀ ወረቀት ይራገፋል። የዚያን ጊዜ ሁሉም «ሾርቱ ነው ያቃጠለው» ይላል።

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ ወደ ኒውትራል፣ ማለትም የሦስቱም ፌዞች ከረንት ወደሚመለስበት ገመድ።

ሦስቱ ፌዞች እኩል ከተጫኑ ኒውትራል ላይ ምንም አይመጣም ብለን ነው የተማርነው። ለ50 ኸርዙ እውነት ነው። 3ኛው ሃርሞኒክና ብዜቶቹ ግን፣ ማለት 9ኛው፣ 15ኛው፣ በሦስቱም ፌዝ ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚነሱት። ስለዚህ ኒውትራሉ ላይ ሲገናኙ አይጣፉም፤ ይደመራሉ። በላይኛው ምሳሌ በእያንዳንዱ ፌዝ 100 አምፔር ቢሄድ በኒውትራሉ የሚመለሰው 146 አምፔር ገደማ ነው። ጭነቱ ፍጹም እኩል ተከፋፍሎ ሳለ! በባሰ ሁኔታ እስከ 173 ሊጠጋ ይችላል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የተከራየ ቢሮ የበዛበት ሕንፃ ዋና ፓነል ሲከፈት መጀመሪያ የኒውትራሉን ባር ተመልከቱ። የፌዞቹ ባር ላይ ያለው ሽፋን ደህና ሆኖ፣ የኒውትራሉ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ቡኒ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ከኬብል ሹው ወደ ኋላ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። ብሎኑ ዙሪያ መዳቡ ቀለሙን ቀይሯል። ሽታውም አለ። ኤሌክትሪሻኑ ብሎኑን አጥብቆ ይዘጋዋል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ያው ይደገማል። ጥፋቱ ብሎኑ ላይ አይደለም። ገመዱ ከፌዙ በግማሽ የቀጠነ ነው፤ የሚሸከመው ከፌዙ በላይ ነው።

ኒውትራል ላይ ብዙውን ጊዜ መከላከያ የለም። ባለ ሦስት ፖል ብሬከር የሚያየው ፌዞቹን ብቻ ነው። እነሱ 100 አምፔር ላይ ናቸው፤ ለእሱ ሁሉ ሰላም ነው። ኒውትራሉ ተቃጥሎ ሲበጠስ ግን 220 ቮልት የሚፈልገው ዕቃ ከ220 ተነስቶ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊደርሰው ይችላል። አንድ ፎቅ ሙሉ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን በአንዴ ሲቃጠል «መብራት ኃይል ላከብን» ይባላል። ብዙ ጊዜ የላከው የራሱ የሕንፃው ኒውትራል ነው።

ለመለካትም ቢሆን ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ክላምፕ ሜትር አማካዩን ለክቶ በንጹሕ ሞገድ ሒሳብ ያባዛል። የተቆራረጠ ሞገድ ሲያጋጥመው አሳንሶ ያነባል፤ ልዩነቱ 30 እና 40 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ፊቱ ላይ «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል፣ ማለትም የተዛባ ሞገድንም በትክክል የሚለካ ያስፈልጋል። የዋጋ ልዩነቱ ከአንድ የተቃጠለ ዩፒኤስ በታች ነው።

«ዴልታው (በሦስት ማዕዘን የተያያዘው የ15 ኪሎ ቮልቱ ጥቅል) 3ኛውን ይውጠዋል» የሚለውንም ላንሳ። ከባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ የምሰማው መከራከሪያ ነው። ልክ ነው፣ ይውጠዋል። የ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር ላይ እኩል የሆነው 3ኛ ሃርሞኒክ አይወጣም። ግን የተዋጠው የት ሄደ? ዴልታው ውስጥ እየዞረ ዴልታውን ያሞቃል። ከላይ በኩል ያለው ቆጣሪና መከላከያ ስለማያየው ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከሚታየው በላይ ተጭኗል። ስለዚህ ዲዛይን ሲደረግ የዴልታው መዳብ ያንን ጨምሮ ይታሰብ። ዚግዛግ ጥቅል ሌላ መንገድ ነው። የእያንዳንዱ ፌዝ ጥቅል ለሁለት ተከፍሎ በሁለት የኮር እግሮች ላይ ስለሚጠመጠም የ3ኛው ሃርሞኒክ ማግኔታዊ ጉልበት እዚያው ይጣፋል፤ ወደ ዴልታው አይሻገርም። ዋጋው፣ በዚያ በኩል 15 ከመቶ ያህል ተጨማሪ መዳብ ነው። ደግሞም ተጠንቀቁ፤ ዚግዛግም ቢሆን ከፓነሉ እስከ ትራንስፎርመሩ ያለውን የኒውትራል ገመድ አያድነውም። እሱ በራሱ መወፈር አለበት።

ለሃርሞኒክ ተብሎ የሚሠራ ትራንስፎርመር ከተራው በምን ይለያል? ዋናው ጥቅሉ ላይ ነው። ኤዲ ብክነት ከሽቦው ውፍረት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ አንድ ወፍራም አሞሌ ከማስገባት ብዙ ቀጫጭን፣ እርስ በርስ የተነጠሉ ሽቦዎችን ጎን ለጎን መጠምጠም ይሻላል። ሽቦዎቹ በመንገድ ላይ ቦታ እየተለዋወጡ መሄድ አለባቸው፤ ካልሆነ ከረንቱ አንዱ ላይ ይከማቻል። ዝቅተኛ ቮልቴጁ በፎይል ከተጠመጠመ ደግሞ የፎይሉ ላይኛና ታችኛ ጠርዝ ላይ ሙቀት ይሰበሰባል፤ ሻጩ እዚያ ቦታ ያለውን ሙቀት እንዴት እንዳሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው። ትልቅ ከረንት የሚወጣበት የታንክ ክዳን ማግኔት በማይስብ ብረት ይሠራል። ኮሩ ጫና እንዳይበዛበት የፍለክስ (የማግኔታዊው መስክ) መጠኑ ዝቅ ይደረጋል። የኒውትራሉ መውጫና ባር የፌዙን እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ከመሬት ጋር የተያያዘ ስስ የብረት ሽፋንም ይገባል፤ ይህ ግን ለከፍተኛ ድግግሞሽ ረብሻ እንጂ ለ3ኛና ለ5ኛ ሃርሞኒክ መድኃኒት አይደለም። ሻጮች እንደ መድኃኒት ሲያቀርቡት ስላየሁ ነው የምለው።

በካታሎግ ላይ ኬ-4፣ ኬ-13፣ ኬ-20 የሚሉ ታገኛላችሁ። የአሜሪካን ደረጃ የተከተሉ ናቸው። የእኔ ምሳሌ 7 ነበር። ኬ-4 አይበቃውም፤ ኬ-13 ይችለዋል። ሁሉንም ኬ-20 ይሁን ማለትም ብክነት ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ ብዙ ሕንፃና ብዙ ዓይነት ጭነት ሲገናኝ ሃርሞኒኮቹ በከፊል ስለሚጣፉ እውነተኛው ቁጥር በየፎቁ ከሚለካው ያንሳል።

ሁለት ትራንስፎርመር ለምትገዙ ትላልቅ ሕንፃዎች የሚጠቅም ብልሃትም አለ። አንዱ ዴልታ-ስታር፣ ሌላው ዴልታ-ዚግዛግ ቢሆን በመካከላቸው የ30 ዲግሪ ልዩነት መፍጠር ይቻላል። ጭነታቸው ተቀራራቢ ከሆነ 5ኛውና 7ኛው ሃርሞኒክ በላይኛው መስመር ላይ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ሁለቱን በዝቅተኛው በኩል አንድ ላይ ማያያዝ ግን ክልክል ነው። ይህን በቀይ ጻፉት።

«ጣጣውን ትቼ ትልቅ ልግዛ» የሚል ባለሕንፃ ይኖራል። አልነቅፈውም። ተራውን ከፍ አድርጎ መግዛት አንዳንዴ በቶሎ የሚገኘው መፍትሔ እሱ ነው። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። 4 ከመቶ ኢምፒዳንስ (ከረንትን የመግታት ጠባይ) ያለው 630 ኬቪኤ መውጫው ላይ ሾርት ቢፈጠር ወደ 23 ኪሎ አምፔር ይሰጣል። 5 ከመቶ ያለው 1000 ኬቪኤ 29 ያህል ይሰጣል። ፓነሉ ቀድሞ በ25 ኪሎ አምፔር ብሬከር ታዝዞ ከሆነ አሁን አይችለውም። ትራንስፎርመሩን ያሳደገ ሰው ፓነሉን አብሮ ካልከለሰ ሌላ አደጋ ገዝቷል። በዚያ ላይ ትልቁ ኮር ጭነት ኖረም አልኖረ ሌት ተቀን ኃይል ይበላል።

ፓወር ፋክተር የሚያሻሽል ካፓሲተር ባንክ ያላችሁ ደግሞ ይህን አስሉ። ከኔትወርኩ የሚመጣውን ትተን የትራንስፎርመሩን ብቻ ብንወስድ፣ የ630 ኬቪኤው የሾርት ኃይል 15.75 ሜጋ ቪኤ ነው። ይህን ለ300 ኪሎ ቫር (የካፓሲተሩ መጠን) አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ስትወስዱ 7.2 ይመጣል። ካፓሲተሩና ትራንስፎርመሩ አንድ ላይ የሚያስተጋቡት እዚያ ነው፤ ከ7ኛው ሃርሞኒክ ጋር ተጎራብተዋል። ፓወር ፋክተር ላሻሽል ብሎ የገባው ባንክ ሃርሞኒኩን ያጎላዋል፤ ራሱም አብጦ ይፈነዳል። መፍትሔው ካፓሲተሩ ፊት ሪአክተር (የሽቦ ጥቅል) ማስገባት ነው። የተለመደው 7 ከመቶ ሲሆን ማስተጋቢያውን ወደ 189 ኸርዝ ያወርደዋል፤ ከ5ኛው በታች ማለት ነው። 3ኛው ለሚበዛበት የቢሮ ሕንፃ ግን 14 ከመቶውን እመርጣለሁ፤ እሱ 134 ኸርዝ ላይ፣ ከ3ኛውም በታች ነው።

መብራት ሲሄድና ጄኔሬተር ሲነሳ ነገሩ ይብሳል። የጄኔሬተር ውስጣዊ ሪአክታንስ ከትራንስፎርመሩ ሦስት አራት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያው ሃርሞኒክ ከረንት ቮልቴጁን በዚያው ልክ አብልጦ ያዛባል። ዩፒኤሱ «ይህን መብራት አልቀበልም» ብሎ ወደ ባትሪ የሚመለሰው፣ ሊፍቱ መሃል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስለ መኪና ቻርጀር አንድ ነገር ልበልና ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሰው አሁን የሚፈራው እሱን ነው። እኔ ያን ያህል አልፈራውም። ደህና ቻርጀር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ሞገዱ በቂ ንጹሕ ነው፤ ባትሪው ሊሞላ ሲል ይዛባል፣ ያን ጊዜ ግን ከረንቱም ትንሽ ነው። የእሱ ጣጣ የኪሎዋቱ ብዛት ነው። እኔን የሚያስፈሩኝ ማንም የማይቆጥራቸው ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶችና ፊልተር የሌላቸው የድሮ ዩፒኤሶችና ድራይቮች ናቸው።

እንግዲህ የምለምነው ይህ ነው። አማካሪዎች፣ በትራንስፎርመሩ ገጽ ላይ የሚጠበቀውን የሃርሞኒክ ዝርዝር ወይም ቢያንስ ኬ-ፋክተሩን ጻፉ። ካላወቃችሁት ተመሳሳይ ሥራ ያለው፣ ሰው የገባበት ሕንፃ ላይ አንድ ሳምንት መዝግቡና ከዚያ ተነሱ። ከፍታውን 2400 ሜትር ብላችሁ አስገቡ። የሚቀመጥበትን ክፍል ሙቀት ጻፉ። ሻጩ የኤዲ ብክነቱን ከሬዚስታንሱ ለይቶ እንዲያሳውቅ ጠይቁ፤ ይህ ቁጥር ከሌለ ማንም ምንም ማስላት አይችልም። ከፓነል እስከ ትራንስፎርመር ያለው ኒውትራል ቢያንስ የፌዙን ያህል፣ ቢሮ ለበዛበት ሕንፃ እጥፍ ይሁን።

ዲዛይን የምታጸድቁ መሥሪያ ቤቶች፣ ጭነቱ በኪሎዋት ተደምሮ ሲመጣላችሁ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በሬክቲፋየር የሚያልፍ ነው ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ከ5000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል መሃል ከተማ ደርሶ የሚጠቅመው በመጨረሻዋ ትራንስፎርመር በኩል ሲያልፍ ነው።

ባለሕንፃዎች፣ እናንተን የማስቸግራችሁ በትንሽ ነገር ነው። ተከራይ ከገባና ቢሮዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ኤሌክትሪሻናችሁ በትሩ አርኤምኤስ ክላምፕ ሦስቱን ፌዞችና ኒውትራሉን ለክቶ አራቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ። ወረቀቱን ፓነሉ በር ላይ ለጥፉት። አዲስ ተከራይ «ሰርቨር ክፍል ልሠራ ነው» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ለአማካሪያችሁ አሳዩ። የኒውትራሉ ቁጥር ከፌዞቹ በልጦ ከተገኘ፣ ኒውትራሉ እስኪቀየርና ትራንስፎርመሩ እስኪፈተሽ ድረስ ጭነት አትጨምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣

በሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የተሰማራ መሐንዲስ
አዲስ አበባ